መንፈስ በውሎ አበል አይመጣም!

ሰሞኑን አንድ ገጣሚ ወዳጄን ስድስት ኪሎ አካባቢ በምትገኝ ሻይ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁትና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምነው ጠፋህ? ግጥምህን ካየን ስንት ጊዜያችን!» አልኩት። ሻዩን እያማሰለ ጥቂት ቆየና፣ «ባክህ፣ መንፈሱ አልመጣም» አለኝ። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ እሱ ግን ማማሰሉን አልተወም።

በልቤ ሳቅሁበት። ወዳጄ መንፈሱን እንደ ከተማ አውቶቡስ ቆሞ ሲጠብቅ ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው። አንዲት ስንኝ ሲሞክር፣ ሲሰርዝ፣ ደግሞ ሲሞክር ያየው ሰው የለም። መንፈሱ ራሱ መጥቶ በሩን ካላንኳኳ ብዕር ላያነሳ የማለ ይመስላል። ነገር ግን ሳቄ ከሆዴ ሳይወጣ እዚያው ከሰመ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ነው ነገሩ። እኔም አምስት ወር ሙሉ አንዲት የረባች ስንኝ አልጻፍኩም። ልዩነታችን ይሄ ነው፤ እሱ መንፈሱ ሳይመጣለት ቀርቶ ነው፤ እኔ ግን የመጣልኝን በገዛ እጄ ሸጬ ነው። እንዴት እንደሸጥኩት ዝቅ ብዬ አወጋችኋለሁ። ግጥም የማትጽፉ አንባቢዎችም ብትሆኑ ገበያውን አታጡትም።

ለመሆኑ ይህ «መንፈስ» የምንለው ነገር ምንድን ነው? ከየት ይመጣል? ለማንስ ነው የሚመጣው?

የቤተ ክህነቱ ሰው «ጸጋ ነው፣ ሀብተ መንፈስ ቅዱስ ነው» ይላል። ባላገሩ «ውቃቢ» ይለዋል፤ ሰውዬው ሲያምርበት «ውቃቢው ቀርቦታል»፣ ሲከሳና ሲጠቁር ደግሞ «ውቃቢው ርቆታል» ይባላል። ሌላው «ዛር አለበት» ይላል። ኮሌጅ የቀመስነው ደግሞ «ኢንስፒሬሽን» ብለን በፈረንጅ አፍ እንኮራበታለን። ስሙ ይለያይ እንጂ ሁሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ በጥበብ ውስጥ ከባለቤቱ ከራሱ በላይ የሆነ ነገር አለ። እኔም በዚህ አምናለሁ። ጠቤ መንፈስ ቁጭ ብለው ሲጠብቁት፣ ወይም በገንዘብ ሲገዙት፣ ወይም በትእዛዝ ሲጠሩት ይመጣል ከሚሉት ጋር ነው።

የመግዛቱ ነገር አዲስ አይደለም። በቅኔ ቤት አካባቢ ስለሚወራለት ስለ አብሾ ያልሰማ የለም። አእምሮ ይከፍታል፣ ትምህርት ያስይዛል ይባላል፤ የወሰደው ሰው አበደ የሚለው ወሬም አብሮት ይሄዳል። ሁለት መለኪያ ቀምሶ ጠረጴዛ የሚገለብጠውን ሰው እስከ ዛሬ «አብሾ አለበት» የምንለው ወደን አይደለም። የከተማው አብሾ ደግሞ ጫት ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ላይ ጋደም ያሉት የኪነ ጥበብ ሰዎቻችን «ምርቃናው» ሲይዛቸው የማይጽፉት ልብ ወለድ፣ መድረክ ላይ የማያወጡት ቴአትር የለም። ማታ ላይ ግን ልብ ወለዱም ቴአትሩም ከገረባው ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ጠዋት የሚቀረው የደረቀ አፍና ዱቤ ነው። ምርቃናና ምርቃት በአጠራር ይቀራረቡ ይሆናል፤ በፍሬ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

እስቲ ወደ ራሳችን ምንጭ እንሂድ። በሀገራችን «ዜማ ከሰማይ መጣ» ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ የነበረው ቅዱስ ያሬድ ነው። ትውፊቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ሦስት ወፎች ከገነት መጥተው በሰው አንደበት አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ወሰዱት፤ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዝማሬ ሰማ፤ ተመልሶም በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማውን ደረሰ። ድጓው፣ ጾመ ድጓው፣ ምዕራፉ፣ ዝማሬውና መዋሥዕቱ ዛሬም አሉ።

ወፎቹን ሁላችንም እንወዳቸዋለን። ግን ከወፎቹ በፊት ማን እንደመጣ እንረሳለን። ከወፎቹ በፊት የመጣው ትል ነው! ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ መምህሩ አባ ጌዴዎን ቢገርፉት ተማርሮ ጠፋ። ማይ ኪራሕ ከምትባል ቦታ ሲደርስም ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። እዚያ አንድ ትል የዛፉን ፍሬ ሊበላ ግንዱን ይያያዘዋል፤ ይወድቃል፤ ደግሞ ይወጣል፤ ደግሞ ይወድቃል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ወጣና ፍሬውን በላ። ልጁ ያንን አይቶ አለቀሰ፤ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ተማረም። ወፎቹ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ብሉይና ሐዲሱን ጠንቅቆ፣ ዲቁና ተቀብሎ ካበቃ በኋላ!

ያቺ ትል ባትኖር ኖሮ ወፎቹ ማንን ይፈልጉ ነበር? ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያማስለውን?

የቅኔ ቤቱም ሥርዓት ከዚህ አይለይም። ዋሸራም ሄደ፣ ጎንጅም ሄደ፣ ዋድላም ሄደ፣ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ነው የሚያድረው። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምርና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቅኔ የሚቆጥረው ከሰው ተለይቶ፣ ጫካ ለጫካ ነው። ሲመለስ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ካልጣማቸውም ያፈርሱበታል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የሌላ ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ደግሞ ትልቅ ነውር ነው። ሰው በዚህ ሁሉ ካለፈ በኋላ በጉባኤ መካከል ቆሞ ድንገት ሲያፈስሰው «ቅኔ ዘረፈ» ይባልለታል። በዚህች ሀገር በመዝረፉ የሚመረቅ ዘራፊ እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ዘራፊዎች አንባቢ ያውቃቸዋል።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ ልፋት ብቻ ነው ማለቴ ነው እንዴ? አይደለም። ልፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዲፕሎማ የያዝን ሁሉ ባለቅኔ በሆንን ነበር። እዚህ ላይ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ማንሳት ግድ ይለኛል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አዚናራ በምትባል ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላም ካይሮ ሄደው ሙዚቃውን ገፉበት። በኋላ ለንደን ሄደው የሚማሩበት ዕድል ሲገኝ ግን ፈቃድ ተከለከሉ። እህል እስከ መተው አዘኑ፤ ታመሙ። ከዚያ ነው ወሎ ግሸን ማርያም የገቡት። በ21 ዓመታቸው መንኩሰው አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው እዚያ ኖሩ።

ያን ጊዜ ያየ ሰው «ሙዚቃውስ ቀረ» ብሎ ይሆናል። አልቀረም። በኋላ ጎንደር ሳሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሜዳ ላይ እያደሩ፣ ቁራሽ እየለመኑ የያሬድን ዜማ የሚማሩ ልጆች አዩ። የሚሰጧቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ቆረጡ። የመጀመሪያው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ሀገር የታተመው ለችግረኛ ልጆች መርጃ ነው። ልብ በሉ! የአውሮፓ ልፋት ነበራቸው፤ ጣታቸው ሠልጥኗል። ያንን ጣት ዛሬ የምንሰማው ነገር ያደረገው ግን የግሸን ዝምታና በደጀ ሰላም ያደረው ልጅ ረሃብ ነው። ፒያኖው የፈረንጅ ነው፤ ከውስጡ የሚወጣው ዜማ ግን ዕጣን ዕጣን ይላል። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ሲኖሩ ቆዩና መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ሙዚቃቸውን ዛሬ ዓለም ይሰማዋል። ፈቃዱን የከለከለውን ባለሥልጣን ግን ማን በስሙ ይጠራዋል?

ይህ የአንድ ሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም በግድ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲያዝዙ ከተቃወሙት አንዱ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ነበሩ። እኚህ ሰው ዐማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማ የደረሱ ሊቅ ናቸው። ግጥማቸው የመጣው ከዱዓቸውና ከሕዝባቸው መከራ እንጂ ከቤተ መንግሥት ግብር አይደለም። እንግዲህ ደብተራውም፣ መነኩሲቷም፣ ሼሁም በየቋንቋቸው የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፤ መንፈሱ ለለፋ ሰው ይመጣል፤ ሲመጣ ግን የራሱን ነገር ይዞ ነው የሚመጣው። ምን ይዞ እንደሚመጣ ደግሞ ማንም አያዝዘውም።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልግባ።

ከአምስት ወር በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለሚያከብረው በዓል ግጥም እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። ሃያ ስንኝ፣ «ተስፋ ያለው»፣ «ስኬትን የሚያሳይ»። ክፍያው «በውሎ አበል መልክ» እንደሚፈጸም በትሕትና ተነገረኝ። ቤት ተከራይ ነኝ፤ በየጋዜጣው የምለቃቅመው የጽሑፍ ክፍያ ደግሞ የት እንደሚያደርስ ባልደረቦቼ ያውቁታል። «እሺ» አልኩ። ሁለት ሌሊት ተቀምጬ አሥራ ስምንት ስንኝ ገጣጠምኩ። ገጣጠምኩ ነው የምለው፤ አናጢ ሣንቃ እንደሚገጣጥመው። ቤት ይመታል፣ ያጨበጭባል፣ ያልፋል።

በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ስወጣ የሰፈራችንን አንዲት እናት አየኋት። ለዘይት ወረፋ ነው የወጣችው። ባዶ ጀሪካኗን በነጠላዋ ውስጥ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች፤ ብርድ እንዳይመታው ይመስል። ታክሲ ውስጥ ሳልገባ ሁለት ስንኝ ከች አለ። አልፈለግሁትም፤ አልጠራሁትም። እጄ እየተንቀጠቀጠ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ሃያው ስንኝ ሞላ።

ረቂቁን ያየው ኃላፊ ጨዋ ሰው ነው፤ አልተቆጣም። «በጣም ቆንጆ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ብቻ አንሣልን። በዓል አይደል? ሰዉ ደስ ብሎት እንዲሄድ ነው» አለኝ። እስክሪብቶም አልጨበጠም። የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ። ድሮ በሳንሱር ዘመን የሚሰርዘው ሌላ ሰው ነበር፤ ጸሐፊው ቢያንስ የሚረግመው አያጣም። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ሕግ ሳንሱርን ሲያነሣ ያ ሰውዬ ወዴት ሄደ ትላላችሁ? እኔ ጋ ነው ያለው፤ በደረት ኪሴ ውስጥ፣ ከእስክሪብቶዬ ጎን!

ግጥሙን አነበብኩ። ተጨበጨበ። ኪራዬን ከፈልኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ ነው እንግዲህ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ደረቅ የምሆነው። በልፋት ሞከርኩ፤ በሌሊት ተነሣሁ፤ በእግር ተንከራተትኩ። ያቺ እናት ወረፋ ላይ ቆማ ዛሬም አያታለሁ። ከሷ የሚመጣልኝ ነገር ግን የለም። ለምን ይምጣ? ሲመጣ የት እንደማደርሰው አይቷላ!

ሲጨንቀኝ ወደ ሰፈራችን መሪጌታ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ግን ዛሬም ሕፃናትን ፊደል ያስቆጥራሉ።

«የኔታ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ና፣ ተቀመጥ። ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«የኔታ፣ አንዴ የሄደ ጸጋ ይመለሳል?»

«ምን አድርገኸው ሄደ?»

አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጭራቸውን እያወዛወዙ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ያሬድ እግሩን በተወጋ ጊዜ ንጉሡን ምን ጠየቀው?» አሉኝ።

«መድኃኒት?» አልኩ በድፍረት።

ሳቁብኝ። ከዚያ ታሪኩን እንደ አዲስ ነገሩኝ። ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ይዘምራል። ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተመረኮዘው ጦር ያሬድ እግር ላይ አርፎ ዘልቆ ገባ። ደም ፈሰሰ። ወጊው አላወቀም፤ ተወጊውም አላወቀም። ዜማው ሲያበቃ ነው ሁለቱም ያዩት። ንጉሡ ደንግጦ፣ ስለ ፈሰሰው ደም ካሳ የሚፈልገውን ሁሉ እንዲጠይቅ ነገረው። ያሬድ አስቀድሞ እንዳይከለክለው አስማለው። ከማለለት በኋላ የጠየቀው ጉልትም አይደለም፣ ሹመትም አይደለም። አሰናብተኝ፣ ልመንኩስ ነው ያለው። ንጉሡ ቢያዝንም መሐላ አለበትና አሰናበተው። ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። ግንቦት 11 ቀን የምናከብረው እዚያ የተሰወረበትን ዕለት ነው።

«ገባህ?» አሉኝ የኔታ። «የንጉሥ ጦር እግሩ ውስጥ ገብቶ ዜማውን አላቋረጠውም። አንተ ሳትወጋ ነው ካሳውን የተቀበልከው!»

አንገቴን ደፋሁ። ጥቂት ቆይተው፣ «ትሉ ስንት ጊዜ ወደቀ?» አሉኝ።

«ስድስት ጊዜ።»

«አንተስ?»

«አንድ ጊዜ፣ የኔታ።»

«እንግዲያማ ምን ያስቸኩልሃል?» ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ።

ይህን የጻፍኩት የራሴን ጉድ ለማውጣት ብቻ አይደለም። አደባባዩን ተመልከቱት። በንጉሡ ዘመን ለልደት በዓል፣ በደርግ ዘመን ለአብዮት በዓል ስንት ግጥም ተነበበ! ከዚያ ወዲህም ባነሩ ተለወጠ እንጂ መድረኩ ያው ነው። ከነዚያ ሁሉ ውዳሴዎች ዛሬ አንዲት ስንኝ በቃሉ የሚወጣለት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። በአንጻሩ በዓሉ ግርማን አስቡት። እሱም የመንግሥት ሹመኛ ነበር፤ ደመወዙም መኪናውም ነበረው። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ያሳተመው ዝም ቢል የሚያጣው ነገር ኖሮ አልነበረም። መጽሐፉ ተለቀመ፤ እሱ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያስቀሩትን ሰዎች ማዕረግ የሚቆጥር የለም። «ኦሮማይ» ግን እየታተመ ይነበባል።

ባለሥልጣኖቻችንም ይህችን ቢሰሙ አይከፋም። አዳራሽ ማሠራት ትችላላችሁ፣ ማጨብጨብ ትችላላችሁ፣ አበል መክፈል ትችላላችሁ። ጥበብን ግን ልታዝዙት አትችሉም፤ ልታባርሩት ብቻ ነው የምትችሉት። እኛ ጸሐፊ ነን ባዮችም በናንተ ብቻ አናሳብብ። በር የከፈትንላችሁ እኛው ነን።

ባለፈው ሳምንት ከዚያው መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለልኝ። ሌላ በዓል ደርሷል። ድምፁ ያው ጨዋ ድምፅ ነው፤ አበሉም ከፍ ብሏል። የወሩ መጨረሻ እየቀረበ ነው፤ አከራዬም ሰላምታዋ እየጠበቀ መጥቷል። ቤት ውስጥ የነበረኝን ብር በልቤ ቆጠርኩ፤ ለመቁጠር ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። ከዚያም፣ «አሰናብቱኝ» አልኩ። ሰውዬው ስላልገባው «ምን አሉኝ?» አለ። ደገምኩለት።

ማታ ያንን የሲጋራ ፓኮ ከመጽሐፍ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁት። ሁለቱ ስንኞች አሉ። ሦስተኛው ገና አልመጣም። ኪራዩንም ከየት እንደማመጣው እግዜር ይወቅ። ግን አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እየጻፍኩ እየሰረዝኩ እየጠበቅሁት ነው። ያ ሻይ የሚያማስለው ወዳጄም ይህን ካነበበ ማንኪያውን አስቀምጦ እስክሪብቶውን ያንሣ እላለሁ።

ልብ ያለው ልብ ይበል!